ሦስተኛው መስመር ላይ

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ስምንት ቤት ገባሁ፤ የሁለቱ የመብራት ቆጣሪ ተነካክቷል። አንደኛው ሰውዬ እሽጉን ቆርጦ በማስቲካ መልሶ ለጥፎታል። በማስቲካ! ስጠይቀው "ልጆች ይሆናሉ" አለኝ። ልጆች መሰላል አቁመው...? አሥራ ሰባት ዓመት ቆጣሪ ስመረምር አንድም ሰው "እኔ ነኝ" ብሎኝ አያውቅም። ወይ ልጆች ናቸው፣ ወይ አይጥ ነው፣ ወይ ዝናብ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት። ፌንጣ የምላት እግሯ ስለረዘመ ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ስጠይቃት ዘላ ስለምታመልጠኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቫዮሊን መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ያዘች። እስካሁን አብራት የምትገባው እናቷ ነበረች። አሁን ሆስፒታሉ የከሰዓት ተረኛ አደረጋትና ተራው ለእኔ ደረሰ።

የሙዚቃ ክፍሉ አንድ የማይገባኝ ሕግ አለው። ልጅ ብቻዋን አትማርም። ወላጅ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እሱም ቫዮሊን ይዞ፣ እሱም ከሀ ጀምሮ ይማራል። አንደኛው መጽሐፍ ውስጥ ስድስት ዜማ አለ። ልጅቷ ስድስተኛውን ያለ ስህተት ተጫውታ ፈተናውን ስታልፍ ወላጅ ይሰናበታል፤ እሷ ሁለተኛውን መጽሐፍ ብቻዋን ትቀጥላለች። ለምን እንዲህ ሆነ አልኳቸው መምህርቷን። "ቤት ስትለማመድ የሚሰማት ጆሮ ያስፈልጋል" አሉኝ። ጆሮውንማ ይዘው መምጣት ያለባቸው እሳቸው አልነበሩም?

የተሰነጠቀ አሮጌ ቫዮሊን ትከሻዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀስቱን ሳብኩ። ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው የጮኸው። ፌንጣ ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምኑ እንዳሳቀኝ አላውቅም።

ስንወጣ መምህርቷ "ልጅዎ በሚቀጥለው ወር ትፈተናለች፤ ዝግጁ ናት" አሉ። አልፈጠነም? ምን አስቸኮላቸው?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ቫዮሊኑ አንገት ላይ ቀጫጭን ፕላስተር ተለጥፏል፤ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት ነው። ክሩ ጣቴን ሊቆርጠኝ ደረሰ። ፌንጣ "አባዬ፣ አትታገለው" ትለኛለች። ማን ታገለ?

መምህርቷ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት የእያንዳንዳችንን የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ ማየት ነው። የተለማመደ ሰው ጣቱ ይጠነክራል። ያልተለማመደው ለስላሳ ነው፤ አፉ የፈለገውን ይበል። ይሄንንስ ወደድኩላቸው። ሙያቸውን ያውቃሉ።

ግን ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። ፌንጣ ስትጫወት የሆነ ነገር ይጽፋሉ፤ አንገቴን ሰገግ ሳደርግ ይዘጉታል። ሁለተኛ፣ በሩ ላይ ቫዮሊን አጥተው ተራ የሚጠብቁ ልጆች ዝርዝር ተለጥፏል። አሥራ አራት ናቸው። የመጀመሪያዋ የርዕሰ መምህሩ የእህት ልጅ ናት፤ ፌንጣ ነገረችኝ። ስሟ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል። ለምን በቀይ?

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ጠዋት እናቷ ፀጉሬን እያስተካከለችልኝ፦

"እንዴት ነው ሙዚቀኛው?"

"ሴትየዋ የሆነ ነገር አለባቸው።"

"ምን አለባቸው?"

"ገና አልደረስኩበትም።"

"አንተ ሰው፣ እኔ ነርሷ የምሰጥህን የራስ ምታት ኪኒን እንኳ ገልብጠህ ቀኑን ታነባለህ።"

አነባለሁ። ምን ክፋት አለው?

እሷ አብራት ስትገባ ፌንጣ ስድስተኛውን ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዛው እንደነበር ነገረችኝ። "ትበራለች ልጅህ" አለች። እንግዲህ እናያለን።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

የመጀመሪያውን ዜማ ጨረስኩ! ስምንት ኖታ ብቻ ነው፣ የሕፃናት ነው፣ ቢሆንም ጨረስኩት። ክሩ ሲንቀጠቀጥ አገጬ ድረስ ተሰማኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ደስ ይለዋል? ፌንጣ አጨበጨበች። ሌሎቹ ወላጆችም አጨበጨቡ፣ ትንሽ አፈርኩ።

እንደገና እንድጫወት ራሴ ጠየቅሁ። ለማንም አልነግርም ይሄንን።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሁለተኛውን ዜማ ጀመርኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ፌንጣ እጄን ያዘችኝ። ምን ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ... ምንም አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ፈተና። ፌንጣ ወደቀች።

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አንደኛው መስመር ጥሩ፣ ሁለተኛው ጥሩ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አራተኛዋን ኖታ ሳተችው። ቆመች፣ እንደገና ጀመረች፣ እንደገና እዚያው። መምህርቷ ደብተራቸው ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። አልተቆጡም፤ አልደነገጡም። ዝግጁ ናት ያሉት ሰው ልጅቷ ስትወድቅ ቢያንስ ሊደነግጡ አይገባም?

ሦስት ዕድል ነው ያላት። አንዱ ሄደ። በሦስተኛው ካላለፈች ቫዮሊኑ ከዝርዝሩ ተራ ለደረሰው ልጅ ይሰጣል። ለመጀመሪያዋ! ቀዩን መስመር እያየሁ ወጣሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

እራት ላይ ጠየቅኋት። ትለማመጂያለሽ? ስንት ሰዓት? ማን አለ ያኔ? ትናንት ከመግባትሽ በፊት መምህርቷ ምን አሉሽ? ሌላ ልጅ አናደደሽ? ቦርሳዋንም አየሁ፤ ያው ሁልጊዜም አያለሁ። መጽሐፉ አለ፣ እርሳስ አለ፣ ግማሽ ብስኩት አለ።

"ምንም አላሉኝም" አለች፣ ሳህኗን እያየች። ከዚያ ዘለለች፤ ወደ ክፍሏ።

ከሥራ የገባችው እናቷ ሳህኑን ስታነሳ "ልጅቷ ቆጣሪ አይደለችም" አለችኝ። እሱን መቼ አጣሁት።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ከታች ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ስትጫወት እኮ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነው የምሰማት። ደንበኛ ቢመጣም ቆይ ነው የምለው።"

"መቼ ነው የምትጫወተው?"

"ማክሰኞና ዓርብ፣ እናቷ ከወጣች በኋላ እርስዎ ሳይገቡ።"

"ሳትሳሳት?"

"እኔ ምን አውቄ። ግን የሚሳሳት ሰው እንዲህ አያስለቅስም።"

የእኔ ልጅ እንደዚያ አትጫወትም። ሦስተኛው መስመር ላይ ትወድቃለች፤ ባይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ታዲያ ቤቴ ገብቶ የሚጫወተው ማነው? የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ አየሁት፤ አልተቧጨረም። ቀስቱ የሚቀባውን ሙጫ አየሁ፤ ባለፈው ወር ሙሉ የነበረው ግማሽ ሆኗል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በደንብ የሚጫወት ሰው አለ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ከሥራ ቀድሜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ፣ ከበራችን ሦስት ደረጃ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊዋ አይታኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ፌንጣ ናት። በበሩ ሥር ጫማዋ ይታያል። ስድስተኛውን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተችው። ሦስተኛውን መስመር እንደ ውኃ አለፈችው። ሁለት ጊዜ ተጫወተችው። ደረጃው ላይ ሆኜ እንዳላስል ፈራሁ።

ወርጄ ሰፈሩን ዞርኩ። በተለመደው ሰዓቴ ተመልሼ ገባሁ።

"ተለማመድሽ?"

"ትንሽ።"

"እስቲ ተጫወቺልኝ።"

ተጫወተች። ሦስተኛው መስመር፣ አራተኛዋ ኖታ። ሳተችው!

ብቻዋን ስትሆን ትችላለች፤ ሰው ፊት ግን አትችልም። አሁን ገባኝ። ሰው ፊት እንድትደነግጥ ያደረጋት ሰው አለ። ማን ሊሆን ይችላል? በሳምንት አንድ ቀን ሰው ፊት የሚያጫውታት ማነው? ይኸው... ደረስኩበት።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ዛሬ ዓይኔን ከመምህርቷ ላይ አልነቀልኩም። የፌንጣን ቫዮሊን ተቀብለው ሁለተኛውን ፕላስተር ላጡና ትንሽ ወደ ታች አድርገው ለጠፉት።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩ።

"እጇ አድጓል። ጣቷ አሁን የሚያርፈው እዚህ ነው።"

እጅ በአንድ ወር ያድጋል? ቤት ስንደርስ በማስመሪያ ለካሁት። ሁለት ሚሊሜትር ተነስቷል። ሁለት ሚሊሜትር ቀላል አይደለም። እኔ በግማሽ ሚሊሜትር ሰው ከስሻለሁ።

የእኔ ሦስተኛ ዜማ ጥሩ እየሄደ ነው፤ ግን ዛሬ ልቤ እዚያ አልነበረም። ፌንጣ "ዛሬ አልሳቅክም" አለችኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ፈተና። ወደቀች። እዚያው ቦታ ላይ።

ኮሪደሩ ላይ የርዕሰ መምህሩ የእህት ልጅ ከእናቷ ጋር ቆማ ነበር። ደቃቃ ናት፣ አገጯ የበር እጀታ ጋ አይደርስም። መምህርቷ ወጥተው ጭንቅላቷን ዳሰሱና "ትንሽ ታገሺ፣ ይመጣልሻል" አሏት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ምንድነው የሚመጣላት?

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ለወላጆች ኮሚቴ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ፣ ዘጠኝ ነጥብ። ደብተሩ፣ ቀዩ መስመር፣ ፕላስተሩ ከነልኩ፣ "ይመጣልሻል" የተባለው... እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፌ ተመልሶብኝ አያውቅም። ጠዋት ራሴ ወስጄ ለሰብሳቢው ሰጠሁ። ማኅተም አስመታሁበት።

ለእናቷ አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ትምህርት የለም። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ቅሬታ ስለቀረበ ጉዳዩ እስኪጣራ የቫዮሊን ትምህርት ተቋርጧል፤ ኮሚቴው ታኅሣሥ 25 ይሰበሰባል።

ልጆቹ ቫዮሊናቸውን እንደታቀፉ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። አንዱ አባት ወረቀቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና "የማን ቅናተኛ ነው?" አለ። ጫማዬን አየሁ። ፌንጣም አየችኝ። ልጅ መቼም ታውቃለች... አባቷ ጫማውን የሚያየው መቼ እንደሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ እጇን ኪሷ ከተተች።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

እናቷ ሰማች። አልጮኸችም። "እስቲ ማስረጃህን አሳየኝ" አለች። ዘጠኙን ነጥብ አነበብኩላት። "የትኛውን ነው ያየኸው፣ የትኛውን ነው ያሰብከው?" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋም ዛሬ መኪናዋን አላቆመችም። የምትሰማው ነገር የለም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ



ለኮሚቴው የሚቀርበውን ላስተካክል ብዬ የስድስተኛውን ዜማ ወረቀት አወጣሁ። ፌንጣ የሳተችበትን ሁሉ በእርሳስ ምልክት ሳደርግበት ነበር፣ ከነቀኑ። ልማዴ ነው። ኅዳር 12፣ ሦስተኛው መስመር፣ አራተኛዋ ኖታ። ኅዳር 24፣ ሦስተኛው መስመር፣ አራተኛዋ ኖታ። ታኅሣሥ 10፣ እዚያው። ወረቀቱ ላይ ሌላ ቦታ አንድም ምልክት የለም። አንድ ወር ሙሉ፣ አንዲት ኖታ።

የራሴን ወረቀት ከጎኑ አደረግሁ። የኔ ስህተት ኩፍኝ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ፣ ትናንት ያለፍኩትን ዛሬ እስታለሁ።

ለአዲስ ሠራተኞች መጀመሪያ የማስተምራቸው ምንድነው? የተበላሸ ቆጣሪ ዛሬ ያበዛል፣ ነገ ያሳንሳል፤ ብልሽት ቦታ ይቀያይራል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ልክ የሚዋሽ ቆጣሪ ግን አልተበላሸም። ሰው እጁን አስገብቶበታል።

የደነገጠ ልጅ አንድ ቦታ ብቻ አይደነግጥም። ፕላስተሩም ቢሆን... የተነሳው ታኅሣሥ 3 ነው፤ መጀመሪያ የሳተችው ኅዳር 12። ይሄን እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ማየት ስላልፈለግሁ ነዋ!

ራሷ ናት። ፌንጣ ሆን ብላ ነው የምትወድቀው። ግን ለምን? እኔ ምን አደረግኋት?

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ከሰዓት ቤት ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወደ ክፍሏ ልገባ ስል የለመድኩት ጥያቄ ሁሉ አፌ ላይ ተሰልፎ ነበር። ዋጥኩት። የእሷን ቫዮሊን አንስቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ዜማ ጀመርኩ። ቫዮሊኑ ያንሰኛል። አስቀያሚ አድርጌ ነው የተጫወትኩት፤ ማስመሰል አላስፈለገኝም።

ብቅ አለች። "ክንድህን ዝቅ አድርግ።"

ዝቅ አደረግሁ።

"አሁንም ትታገለዋለህ።"

"ደረጃው ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ" አልኳት። "ስድስተኛውን። ሁለት ጊዜ ተጫወትሽው።"

ዘላ ታመልጠኛለች ብዬ ነበር። አላመለጠችም። በሩ ላይ ተደገፈች።

"ሦስተኛው መስመር ላይ የምትስቺው..."

"እኔ ነኝ" አለች።

እንዲሁ። ልጆች ናቸው አላለችም፣ አይጥ ነው አላለችም።

"ለምን?"

"ካለፍኩ አንተ አትመጣም።"

"እና?"

"እዚያ ስትሆን አትጠይቀኝም።" ጥፍሯን እየላጠች ነበር። "ቤት ስትገባ የት ነበርሽ ነው፣ ከማን ጋር ነው፣ ቦርሳ ነው። እዚያ ግን ትስቃለህ። እዚያ የምትሳሳተው አንተ ነህ።"

"ቫዮሊኑን ቢወስዱብሽስ?"

"በሦስተኛው ላልፍ ነበር።" ቀና አለችና "እኔ እንጃ... ላልፍ አስቤ ነበር" አለች።

ምን ልበል? አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ገብቼ የተደበቀ ፈልጌአለሁ። ልጄ የምትደበቀው ከኔው እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አለቀስኩ፤ እዚህ ላይ ምን ያስዋሸኛል። ፌንጣ ደንግጣ ቫዮሊኑን ቀማችኝ፤ ክሩ እንዳይረጥብ ነው አለች።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። አሥራ ሁለት ወላጅ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ መምህርቷ። ሰብሳቢው ዘጠኙን ነጥብ ሊያነብ ሲል "አያንብቡት፤ ስህተቱ የኔ ነው፣ አንስቼዋለሁ" አልኩ። የማን ቅናተኛ ነው ያለው አባት ፊት ለፊቴ ነበር። ስለ ፌንጣ አልተናገርኩም፤ እሱ የቤታችን ነገር ነው። ፊቴ እንደ ጋለ ምጣድ ሆኖ ወጣሁ።

መምህርቷን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰማያዊውን ደብተር ከቦርሳቸው አውጥተው ገልጠው ሰጡኝ። የፌንጣ ገጽ። "ኅዳር 12። ሆን ብላ። አባቷን እያየች።" ከሥሩ፦ "ታኅሣሥ 10። አሁንም ሆን ብላ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ሠላሳ ዓመት የልጅ ስህተት ሰምቻለሁ። እውነተኛውን ከውሸቱ አልለይም?"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር?"

ስለ ቀዩ መስመር ጠየቅሁ፤ የጀመርኩትን ልጨርሰው ብዬ። በቀይ የተሰመረባቸው ትንሹን ቫዮሊን የሚጠብቁ ሕፃናት ናቸው። የርዕሰ መምህሩ የእህት ልጅ የፌንጣን ቢሰጧት እንኳ መሸከም አትችልም። እሱን ለማየት ልጅቷን ዞር ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። አይቻታለሁ እኮ! አገጯን ሁሉ ጽፌአለሁ።

"ይቅርታዎን ተቀብያለሁ" አሉ ሲሄዱ። "የቀስት አያያዝዎን ግን አልተቀበልኩም።"

ጥር 1፣ ሐሙስ

ትምህርት ተጀመረ። ሁለት እናቶች ወንበራቸውን ከኔ ራቅ አደረጉ። ይገባኛል።

ከፌንጣ ጋር መንገድ ላይ ድርድር ገባሁ።

"አንቺ ካለፍሽ እኔ እባረራለሁ። ገና ሦስተኛው ዜማ ላይ ነኝ። የቀሩትን ሦስቱን ማን ያስተምረኛል?"

አሰበች። ጠጠር እየመታች ረጅም መንገድ ሄደች።

"አንተ ከባድ ተማሪ ነህ።"

"አውቃለሁ።"

"ሕግ አለኝ። ስንለማመድ የት ነበርሽ የለም። ቦርሳም የለም።"

"ስንለማመድ ብቻ?"

"ሁልጊዜ" አለች ፈጥና።

ተስማማሁ። ይከብደኛል። እውነቱን ነው የምጽፈው፣ ከባድ ነው። ማታውኑ እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ቦርሳዋ ሄዳ ተመለሰች።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ሦስተኛው ፈተና።

መግባት መብቴ ነበር። አልገባሁም። ፊቴን እያየች እንድትወስን አልፈለግሁም። በሩ ተዘጋ። የቁልፉ ቀዳዳ ልክ በዓይኔ ትይዩ ነው፤ ሰው ሆን ብሎ የሰራው ነው የሚመስለው። እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ብትወድቅስ? ሀሳቧን ብትቀይርስ? እኔን ብታጣራኝስ፤ እውነት ቃሌን እጠብቅ እንደሆነ?

ጀመረች። አንደኛው መስመር። ሁለተኛው። ሦስተኛው... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

አለፈችው። ልክ ደረጃው ላይ እንደሰማሁት። ከዚያ አራተኛው መስመር፣ ከዚያ መጨረሻው። ከውስጥ የመምህርቷ "ጎሽ" ተሰማ። አንድ ቃል።

በሩ ሲከፈት ፌንጣ መጀመሪያ ያየችው ቁልፍ ቀዳዳውን ነው፤ ቀጥሎ እኔን፣ የት እንደተቀመጥኩ። ሳቀች።

የተሰነጠቀውን ቫዮሊን ልመልስ ወደ ቁም ሣጥኑ ስሄድ መምህርቷ ከለከሉኝ። "ለልጅ አይሆንም፤ ሰው ካልተጫወተበት ደግሞ ጨርሶ ይሞታል። ቤት ይሁን።" አንድ ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ። ሳላነብ ፈረምኩ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ስድስት ቤት። አንድ የተነካካ። ባለቤቷ "ዝናብ ይሆናል" አለች። ጻፍኩ።

ፌንጣ አሁን ወደ ትምህርቷ ብቻዋን ትገባለች። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እጠብቃለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ሳልጠይቃት ሦስት ነገር ነገረችኝ፦ ጓደኛዋ እንዳኮረፈቻት፣ ሒሳብ አሥር ከሃያ እንዳገኘች፣ ሁለተኛው መጽሐፍ እንደሚያስፈራት። ስለ ሒሳቡ አንድ ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነክሼ ያዝኩት።

ከእራት በፊት የኔ ሰዓት ነው። አራተኛው ዜማ ላይ ነኝ። ወንበሯን ፊት ለፊቴ አደረገች፣ እግሯን አጣጠፈች።

"ትናንት ተለማመድክ?"

"አዎ።"

"ስንት ጊዜ?"

"እ... ሁለት።"

"ማን አለ ያኔ?"

እናቷ ከወጥ ቤት ሳቋን ስትውጥ ሰማኋት። ዛሬ ዕረፍቷ ነው።

"ጣትህን አሳየኝ።"

ግራ እጄን ዘረጋሁ። በትንሿ አውራ ጣቷ አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገችው፤ ጠቋሚውን፣ መሃሉን፣ የቀለበቱን። ልክ መምህርቷ እንደሚያደርጉት። ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። ዝናብ ልል ነበር፣ ሥራ በዛ ልል ነበር...

"እኔ ነኝ" አልኳት። "አልተለማመድኩም።"

እጄን አልለቀቀችም። "እሺ" አለች። "ከመጀመሪያው ጀምር።"